በሩና ቤቱ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት በሕይወቱ ከሚያደርጋቸው ታላላቅ ውሳኔዎች አንዱ በከፍተኛ ትምህርት ቤት ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚከታተል መወሰን ነው። ውሳኔውን ከባድ የሚያደርጉት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ወጣቱ ገና በአሥራ ሰባትና በአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜው ሥራውን ሳያየው ስለ ሥራው እንዲወስን መገደዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እሱ የሚመኘውን ቦታ የሚመኙ ሌሎች ብዙዎች መኖራቸው ነው። ስለሆነም ጥያቄው «ምን መማር እወዳለሁ?» የሚል ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ «ምን ብጠይቅ ይሰጠኛል?» የሚልም ይጨመርበታል። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እንዴት እንደሚጋጩና እንዴትስ እንደሚታረቁ ለመረዳት የሱዳንን ዋና ከተማ የካርቱምን ሁኔታ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርቱም ከጣና ሐይቅ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በጥቁር ዓባይ ዳር የተሠራው ዝነኛው የትምህርት ተቋምዋ መጀመሪያ የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ይባል ነበር። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው ኪችነር ከ1898 የኦምዱርማን ጦርነት በኋላ ከአገሩ ሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ ያሠራው ሲሆን፣ የተከፈተው በ1902 ነው። ኮሌጁ ሲከፈት ግን ዓላማው ወጣቶች የወደዱትን ትምህርት እንዲመርጡ ለማድረግ አልነበረም። የቅኝ ገዥው መንግሥት ጸሐፊዎች፣ አስተርጓሚዎች፣ መምህራን፣ የሸሪዓ ዳኞችና የመሬት ቀያሾች ያስፈልጉት ነበር፤ የተከፈቱትም በሮች ለመንግሥት ሥራ የሚያስፈልጉት ብቻ ነበሩ። በ1924 የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ገደማ ደግሞ የሕግ፣ የእርሻ፣ የእንስሳት ሕክምና፣ የምሕንድስናና የሳይንስ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ተከታትለው ተቋቋሙ። እነዚህ ሁሉ ቀስ በቀስ ተዋሕደው በ1951 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመሠረተ፤ ሱዳን ነፃነትዋን ባገኘችበት በ1956ም ኮሌጁ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

ይህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል። ይኸውም የትኛው የትምህርት በር ሰፊ፣ የትኛውስ ጠባብ እንደሚሆን የሚወስነው የተማሪው ፍላጎት ብቻ አለመሆኑ ነው። የመንግሥት ዕቅድ፣ የገንዘብ አቅም፣ የመምህራንና የቤተ ሙከራ ብዛት ሁሉ ይወስኑታል። በኢትዮጵያም በ2008 ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ደግሞ በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብአዊ ትምህርት እንዲመደቡ መንግሥት በወሰነ ጊዜ፣ የብዙ ወጣቶች ዕጣ ከምርጫቸው ይልቅ በዚህ ክፍፍል ተወስኖ ነበር። ስለዚህ አስተዋይ ተማሪ ምኞቱን ብቻ ሳይሆን በሮቹንም ያጠናል።

በሱዳን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ የምስክር ወረቀት በተለምዶ «ሸሃዳ» ይባላል። ለብዙ ዓመታት የፈተናው ውጤት የሚነገርበት ቀን እንደ በዓል የሚታይ ነበር። የአገሪቱን ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ተማሪዎች ስም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል፤ በየሰፈሩ እልልታ ይሰማል፤ ለጎረቤት ጣፋጭና ሻይ ይቀርባል። ወዲያው ግን ሌላ ጭንቀት ይከተላል። ተማሪው የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎችና ፋኩልቲዎች ከአንደኛ ጀምሮ በቅደም ተከተል ጽፎ ያቀርባል፤ የቅበላው መሥሪያ ቤት ደግሞ ነጥቡንና ምርጫውን አገናዝቦ ይመድባል። ያለፈው ዓመት የመግቢያ ነጥብ ስለሚታወቅ፣ በየቤቱ ወላጅ፣ አጎትና ጎረቤት ሳይቀር ተሰብስቦ «ይህ ነጥብ የት ያስገባል?» እያለ ይመክራል።

በዚህ ምክክር ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። የመግቢያ ነጥብ እንዴት እንደሚገኝ በምሳሌ ቢታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አንድ ፋኩልቲ 100 መቀመጫ ቢኖረውና 1,000 ተማሪዎች ቢፈልጉት፣ መቀመጫው ከፍተኛ ነጥብ ላላቸው 100 ተማሪዎች ይሰጣል፤ የመቶኛው ተማሪ ነጥብም የዚያ ዓመት የመግቢያ ነጥብ ይባላል። ሌላው ፋኩልቲ 300 መቀመጫ ኖሮት 350 ተማሪዎች ብቻ ቢፈልጉት ነጥቡ ዝቅ ይላል። እንግዲህ የመግቢያ ነጥብ የሚለካው የትምህርቱን ክብደት ወይም ለሕዝብ የሚሰጠውን ጥቅም አይደለም፤ የሚለካው በበሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው ብዛት ነው። በሩ ላይ ብዙ ሰው መሰብሰቡ ቤቱ ውስጥ ያለው ሥራ ለእያንዳንዱ የሚስማማ መሆኑን አያረጋግጥም። በሩ ላይ ሰው ማነሱም ቤቱ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ታላቅ ታሪክ አለ። ከ1888 እስከ 1892 በኢትዮጵያ የደረሰውና «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚታወሰው ረሀብ ከተነሳባቸው ምክንያቶች ዋናው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነበር። በሬው ሲያልቅ አራሹ ማረሻውን ጥሎ ተቀመጠ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። ይህ በሽታ በክትባትና በብዙ አገሮች የእንስሳት ሐኪሞች የረጅም ዘመን ጥረት ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ በ2011 ተበሠረ። ከሰው ልጅ ጥረት የተነሣ ከምድር ገጽ ከጠፉት በሽታዎች ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና የሚያጠናውን ተማሪ «ሕክምና አልደርስ ብሎ ነው» እያሉ የሚያሙት አይጠፉም። የበሩ ጫጫታ የቤቱን ሥራ እንዲህ አድርጎ ይሸፍነዋል።

በካርቱም የቤተሰብ ግፊት ብርቱ ነው። የሕክምና ትምህርት የጀመረው ወጣት ገና በመጀመሪያው ዓመት «ያ ዶክቶር» እየተባለ ይጠራል፤ ምሕንድስና የገባው ደግሞ «ባሽሙሃንዲስ» የሚል የክብር ስም ይሰጠዋል። በቅርብ ዓመታት በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለመግባት ከመቶ ከ90 በላይ ነጥብ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ይህን ያህል ነጥብ ያገኘ ልጅ ሌላ ትምህርት ቢመርጥ «ነጥቡን አባከነ» ይባላል። ነጥብ እንደ ገንዘብ ተቆጥሮ፣ በተቻለ መጠን ውድ ዕቃ ሊገዙበት የሚገባ ነገር ሆኖ ይታያል ማለት ነው።

ከ2023 በፊት በካርቱም ሲኖሩ ከነበሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መካከል የአንዱ ልጅ ጉዳይ ለምሳሌ ይወሰድ። አባትዋ መካኒክ፣ እናትዋ ቡና እያፈላች የምትሸጥ፣ መኖሪያቸው ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚገኙበት በዴም ሰፈር ነው እንበል። ልጅቱ በሸሃዳ ፈተና ከመቶ 84 አግኝታለች። ነጥቡ የሚያኮራ ነው፤ ሕክምና ግን አያስገባም። አጎትዋ «ዓመቱን ደግማ ትፈተን» ይላል። ሌላ ዘመድ «ነጥቧ የሚፈቅድላትን ከሁሉ የላቀ ስም ያለውን ትምረጥ» ይላል። እሷ ግን ከልጅነትዋ ጀምሮ ከሕይወት ጥናት በቀር ልቧ ያረፈበት ትምህርት የለም፤ ከ84 በብዙ ባነሰ ነጥብ ወደሚገቡባቸው ወደ እርሻና ወደ እንስሳት ሕክምና ታዘነብላለች።

አባትዋ ይህን ሲሰማ ያዝናል እንጂ አይቆጣም። «ልጄ፣ እኔ ክብር ፈልጌ አይደለም» ይላታል። «እኛ ስደተኞች ነን። ሰው ሲታመም ሌሊት በሩን የሚያንኳኳው ሐኪም ዘንድ ነው፤ ያን ጊዜ መታወቂያሽን የሚጠይቅሽ የለም። በሰው አገር እንጀራ የሚያስገኝልሽ እንዲህ ያለ ሙያ ነው።» ይህ የአላዋቂ አነጋገር አይደለም። በሰው አገር የሚኖር ሰው ሙያውን ሲመርጥ ሥራ የማግኘት መብቱን፣ የትምህርቱን ክፍያና የማስተማሪያውን ቋንቋ ሁሉ ማሰብ አለበት። በሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች ከ1990 ወዲህ የማስተማሪያው ቋንቋ ዐረብኛ እንዲሆን በመወሰኑ፣ በቤቱ አማርኛ እየተናገረ ላደገ ልጅ ቋንቋው ራሱ አንድ ትልቅ ጉዳይ ነበር።

ልጅቱም መልስ አላት። «አባዬ፣ ነጥቡ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ የተረፈውን መልስ ይሰጡኝ ነበር። መልስ የሚሰጠኝ የለም፤ የሚወስድብኝም የለም። ለፈተናው ያጠናሁት ሁሉ የትም ብገባ ከእኔ ጋር ነው።» ከዚያም በኋላ ክርክሩን ትታ ቤቱን ለማየት ትነሣለች። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲዎች በሰሜን ካርቱም ሻምባት በተባለው ቦታ ይገኙ ስለነበር፣ እዚያ ሄዳ ከፍ ያለ ዓመት ላይ የደረሱ ተማሪዎችን ትጠይቃለች። የምትጠይቃቸው ስለ መግቢያ ነጥብ አይደለም። በሦስተኛው ዓመት ምን ይሠራሉ? ከትምህርቱ ተማሪውን የሚያሰለቸው የትኛው ነው? የተመረቁት የት ገቡ? ከመጻሕፍቱ ውስጥ በዐረብኛ ያሉት ስንቶቹ፣ በእንግሊዝኛ ያሉትስ ስንቶቹ ናቸው? እነዚህን ጠይቃና መዝና የእንስሳት ሕክምናን በአንደኛ፣ እርሻን በሁለተኛ፣ ያለጥርጥር የምትገባበትንና ብትመደብ የማትጸጸትበትን ሌላ ትምህርት በሦስተኛ ደረጃ ትጽፋለች። አባትዋም ወረቀቱን አይቶ «ከብት ሲታመምም በሌሊት ያንኳኳሉ» ብሎ ይፈርማል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ዘዴ አለ፤ ማታለል ግን የለም። ዘዴው በሦስት ነገሮች ይገለጻል። በመጀመሪያ፣ ምደባው በነጥብ ቅደም ተከተል በሚከናወንበት ሥርዓት፣ ማለትም ከፍ ያለ ነጥብ ያለው ቀድሞ ካልተያዙት ምርጫዎቹ የበለጠ የሚወደው በሚሰጠው ጊዜ፣ ተማሪው እውነተኛ ፍላጎቱን በቅደም ተከተል መጻፉ አይጎዳውም። አንደኛው ባይደርሰው ወደ ሁለተኛው ይታለፋል እንጂ ነጥቡ አይቀነስበትም። «አላገኘውም» ብሎ የሚወደውን ወደ ታች ማውረድ ግን ሊያገኘው ይችል የነበረውን ሊያሳጣው ይችላል። አንደኛ ምርጫ ተብሎ የተጻፈው ብቻ ቅድሚያ በሚሰጠው ሥርዓት ደግሞ ስሌቱ ይለወጣል፤ ስለዚህ ሕጉን አስቀድሞ አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ያለፈው ዓመት የመግቢያ ነጥብ መመሪያ እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም፤ ፈላጊው ሲበዛ ወይም መቀመጫው ሲቀንስ ከፍ ይላል። በመሆኑም ከምርጫዎቹ መካከል በእርግጥ የሚደረስበት አንድ መኖር አለበት። በሦስተኛ ደረጃ፣ ያ በእርግጥ የሚደረስበት ምርጫ ተማሪው ቢመደብበት በደስታ የሚማረው መሆን ይገባዋል።

ሌላ ዓይነት ዘዴም አለ። ይኸውም ሰው በማይበዛበት በር ገብቶ፣ ውስጥ ለውስጥ ወደሚፈልጉት ክፍል መሻገር ነው። ከካርቱምም ሆነ ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ወጣቶች ይህን ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማሉ። በማመልከቻው ላይ «ምን ለማጥናት ያስባሉ?» የሚል ጥያቄ ስላለ፣ ተፈላጊውን ትምህርት ደብቆ ፈላጊ ያነሰውን መጻፍ ብልኅነት መስሎ ይታያል። ዘዴው የሚሠራበትና የማይሠራበት ቦታ ግን ይለያያል። ለምሳሌ በሐርቫርድ ተማሪው ዋና የትምህርት ዘርፉን የሚያስታውቀው በሁለተኛው ዓመት ስለሆነ፣ በማመልከቻ ጊዜ የተጻፈው አያስረውም። በአንጻሩ በዋሽንግተንና በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒዩተር ሳይንስን የመሳሰሉት ትምህርቶች በሌላ በር ገብቶ ወደ እነርሱ መሻገር እጅግ አስቸጋሪ እንደሆነ የታወቀ ነው። የውስጡ በር እንደ ውጭው በር የሚጠበቅ ከሆነ፣ በዘዴ የገባው ተማሪ ዓመታቱን በማይወደው ክፍል ይጨርሳል። ከዚህም በላይ የማመልከቻ መርማሪዎች የተማሪውን ያለፉ ሥራዎች ስለሚያዩ፣ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ሳያነብ «ታሪክ ለማጥናት ነው የምመኘው» ያለውን ወጣት ቃሉና ሥራው ያጋልጡታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው።

ምርጫ በጥንቃቄ መደረግ ይገባዋል ሲባል ግን የመጀመሪያው ምርጫ የዕድሜ ልክ ፍርድ ነው ማለት አይደለም። ዝነኛው ሱዳናዊ ደራሲ ጠይብ ሳሌሕ የተወለደው በ1929 በሰሜን ሱዳን ከገበሬዎች ቤተሰብ ሲሆን፣ በካርቱም ሲማር መጀመሪያ ያሰበው በእርሻ ሙያ ለመሰማራት ነበር። በኋላ ግን በለንደን በዐረብኛ ሬዲዮ ሥርጭት ሠራ፤ በ1966 የታተመው «ወደ ሰሜን የስደት ወቅት» የተባለው ልብ ወለዱም በዓለም ዙሪያ አስጠራው። በልብ ወለዱ ውስጥ የሚታዩት የዓባይ ዳር እርሻዎችና ገበሬዎች፣ ያደገበት የገጠር ሕይወት ከብዕሩ እንዳልራቀ ይመሰክራሉ።

ቲጃኒ አል ማሒ የተባሉት ሐኪም ደግሞ በ1935 ከኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ። ሕክምና የተከበረ በር ነበር፤ እሳቸው ግን በዚያ ቤት ውስጥ ሌሎች የሸሹትን ክፍል መረጡ። በእንግሊዝ አገር የአእምሮ ሕክምና አጥንተው ከተመለሱ በኋላ በ1950 በሰሜን ካርቱም የነርቭና የአእምሮ ሕመም መታከሚያ ከፈቱ። የአእምሮ ሕመምተኛ በሰንሰለት ይታሰር በነበረበት ዘመን፣ የባህል ሐኪሞችን ሳይንቁ፣ የሕመምተኛውንም ቤተሰብ ሳያርቁ ማከም እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ በአፍሪካ የአእምሮ ሕክምና አባት ተብለው ከሚጠሩት አንዱ ናቸው። በ1952 ከዚያው የሕክምና ትምህርት የተመረቁት ኻልዳ ዛሂርም ከመጀመሪያዎቹ ሱዳናውያት ሐኪሞች አንዷ ሆኑ፤ የገቡበት በር ከዚያ በፊት ለሱዳናውያት ሴቶች የተከፈተ አልነበረም። ከሦስቱ ባለታሪኮች አንዳቸውም የሚታወሱት በመግቢያ ነጥባቸው አይደለም።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ፈነዳ። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራዎች ተጎዱ፤ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ሌሎች የሱዳን ከተሞች፣ ወደ ግብጽ፣ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች አገሮች ተበተኑ። በ2023 ሊሰጥ ይገባው የነበረው የሸሃዳ ፈተና እስከ ዲሴምበር 2024 ዘገየ፤ ጦርነቱ በበረታባቸው አካባቢዎች የነበሩ ብዙ ልጆችም ሊቀመጡበት አልቻሉም። በዚያ ጊዜ በየሰፈሩ የተቋቋሙት የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት ለተራበው ምግብ ሲያበስሉ፣ የቆሰለውን ሲያነሱና ሲያክሙ፣ ከበጎ ፈቃደኞቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ነበሩ። ቁስል ማጠብ የሚያውቅ ቁስል አጠበ፤ የኤሌክትሪክ መሥመር መጠገን የሚያውቅ ጠገነ፤ መዝገብ መያዝ የሚያውቅ የእህሉን ገቢና ወጪ መዘገበ። «በስንት ነጥብ ገባህ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ የተጠየቀው «ምን ትችላለህ?» የሚለው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምርጫውን የሚጽፍ ወጣት ሁለቱንም ማየት ይገባዋል። በሩን ካላጠና ከውጭ ሊቀር ይችላል፤ የመግቢያውን ሕግ፣ የመቀመጫውን ብዛትና የነጥቡን ሁኔታ ማወቅ ግዴታው ነው። ነገር ግን በሩን ብቻ አጥንቶ ቤቱን ያላየ፣ ብዙ ሰው በቆመበት ስለቆመ ብቻ የመረጠ፣ አራትና አምስት ዓመት በማያውቀው ሰው ቤት በእንግድነት እንደመቀመጥ ይሆንበታል። በበሩ የሚያልፉት አንድ ቀን ነው፤ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ግን ብዙ ዘመን ነው።